የሃሊሞ ቀይ ክር

ቲማቲም የማይታመን ነገር ነው። በርበሬ ቢደርቅም በርበሬ ነው፤ ሽንኩርት ቢያቆጠቁጥ እንኳ ወጥ ውስጥ ይገባል። ቲማቲም ግን ከድሬዳዋ በደህና ተነሥቶ ጅቡቲ እስኪደርስ ጠባዩን ይለውጣል። በዚያ በረሃ፣ በዚያ የጋለ ፉርጎ ውስጥ፣ ባቡሩ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ከወዲያ የሚመጣውን ሲጠብቅ፣ ሰውም ቢሆን ጠባዩን መለወጡ አይቀርም። ስለዚህ በቲማቲም ብዙ አልፈርድም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ አልፎ፣ ሐዲዱ ተጠግኖ፣ ባቡሩ እያነከሰም ቢሆን መመላለስ በጀመረበት ሰሞን። ስኳር በቀበሌ ካርድ የሚገዛበት፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሰው ወደ ቤቱ የሚጣደፍበት ዘመን ነበር። ጅቡቲ ባሕር አላት እንጂ ጓሮ የላትም፤ አረንጓዴ ነገር ሲያምራት ከሰው አገር ነው የምታስመጣው። በሳምንት አንድ ቀን ከዕቃ ባቡሩ ኋላ የአትክልት ፉርጎ ይቀጠል ነበር። ያንን ፉርጎ በቲማቲም የሚሞሉት በድሬዳዋ የመጋላና የቀፊራ ሰፈር ሴቶች ናቸው። መንግሥት ፈቃዱን ሰጥቶ ምንዛሪውን ይወስዳል፤ ሴቶቹ በቀረው ልጅ ያሳድጋሉ።

ከነሱ መካከል ሃሊሞ የምትባል የመጋላ ሴት ነበረች። ባሏ ጦርነቱ ሲመጣ «ነገሩ እስኪበርድ» ብሎ ድንበር ተሻገረ፤ ነገሩ በረደ፣ እሱ አልተመለሰም። ሃሊሞ በሯን ዘግታ አለቀሰች፤ በሩ ሲከፈት የቲማቲም ነጋዴ ሆና ወጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የቢዮ አዋሌ ጓሮዎች ቲማቲም ታስመጣለች፣ በቅርጫት ታሽጋለች፣ በፉርጎው ትልካለች። ሌሎቹም የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ የሌሎቹ ቲማቲም ግማሹ ወጥ ሆኖ ጅቡቲ መግባቱ፣ የእሷ ግን በሄደበት መልኩ መድረሱ ነው።

ሌላም ትንሽ ልዩነት ነበር፤ ያኔ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሌሎቹ ሴቶች በዋዜማው አሽገው ይተኛሉ። ሃሊሞ ግን ቲማቲሙን ቤቷ አስገብታ በሯን ትዘጋለች፤ የምታሽገው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነው። ባቡሩ የሚነሣው ረፋድ ላይ ስለሆነ ትደርሳለች። እንቅልፍ ትወዳለች ይሉ ነበር።

ጅቡቲ ላይ ዕቃውን የሚረከበው ዒጋል የሚባል ነጋዴ ነው። የመጣለትን ቅርጫት ሁሉ እየከፈተ ያያል፤ የፈረሰውን ወደ ባሕር ያስደፋል፣ ለሴቶቹ የሚከፍለው በተረፈው ልክ ነው። የሃሊሞን ቅርጫት ግን ከጊዜ በኋላ መክፈት ተወ። ምልክቱን ያውቀዋላ! የቅርጫቷ አፍ በጆንያ ተሸፍኖ የሚሰፋው በቀይ ክር ነበር። ክሩ ምንም አይደለም፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣ ቁርጥራጭ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ገዛችው፣ ቀይ የሆነውም እንዳጋጣሚ ነው። ዒጋል ግን ለኩሊዎቹ «መጀመሪያ ቀዩን ክር አውርዱ» ማለት ለመደ። ቀዩን ክር ሳይከፍት ለሆቴሎችና ለመርከብ ስንቅ አቅራቢዎች ያሳልፈዋል፤ እነሱም ሳይከፍቱ ይቀበሉታል።

ወሬው ከባዶ ቅርጫቶቹ ጋር ተጭኖ ድሬዳዋ ገባ። ሃሊሞ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰማ ፊቷን ታጠቁራለች፤ ውስጧ ግን ደስ ይላታል። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ናት፤ ባሕር ዳር የተቀመጠ ሰው ክሯን አይቶ ሲያምናት ደስ ቢላት ማን ይፈርድባታል።

አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ላይ የሺአረግ አጠገቧ መጥታ ቁጢጥ አለች። የሺአረግ ወላጆቿ ከሸዋ በባቡር ሥራ የመጡ፣ እሷ እዚሁ ጣቢያው ሰፈር የተወለደች ሴት ናት። ባሏ ወልደ ማርያም የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ በቤታቸው የሚሠራው ራዲዮ መስማት ብቻ ነው። እሷ የቲማቲም ሴቶቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረች፤ ምላሷ ደግሞ ሊቀ መንበር ሳትሆንም ይበቃት ነበር።

«ሃሊሞ፣ አቦ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «ቅርጫትሽ ውስጥ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«ምን እጨምራለሁ፣ ቲማቲም ነዋ።»

«ወላሂ በይ።»

የሺአረግ ክርስቲያን ናት፤ ቢሆንም ድሬዳዋ ተወልዶ ያለ ወላሂ የሚያምን ሰው የለም። «ወላሂ ቲማቲም ነው» አለች ሃሊሞ።

«ታዲያ የእኔ ምንድን ነው፣ የድንች ዘመድ ነው? ከአንድ ጓሮ ነው የምንገዛው። ባንድ ፉርጎ ነው የምንልከው። ያንቺ ሙሽራ ሆኖ ይገባል፣ የእኔ ሬሳ ሆኖ።»

በዙሪያቸው የነበሩት ሴቶች ሳቁ፣ ቀጥለው ግን ጆሯቸውን አቀኑ። ሃሊሞ ጨነቃት። ይህችን ምስጢር ከሰጠች ምን ይቀራታል? የሺአረግ ባል አላት፣ ጡረታ አላት፣ ማኅበር አላት። እሷ ያላት ይኸው ነው። ስለዚህ ለመገላገል ያህል፣ ፈገግ ብላ፣

«ክሩ ነው» አለች። «ቢዮ አዋሌ አንድ ሼህ አለ፤ ዱዓ አድርጎበታል።»

ይህን ስትል ወላሂ አላለችም። የሺአረግም በሳቅ መሃል ስለነበረች ማስማሏን ረሳች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሃሊሞ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ሴቶቹ እንደ ቀልድ ሰምተው እንደ እውነት ይዘውት ሄዱ። በሳምንቱ በፋብሪካው በር ቀይ ቁርጥራጭ ክር ጠፋ። አንዲት ነጋዴ አህያ ተከራይታ ሼሁን ፍለጋ ቢዮ አዋሌ ወረደች፤ ሽማግሌዎቹ «እንዲህ ያለ ሼህ አናውቅም፣ ግን ዱዓ ከሆነ ምን ይጎዳል» ብለው ለክሯ ጸለዩላት። የሺአረግ ደግሞ በእሷ ወገን እንዳይቀርባት ክሩን ጸበል ነክራ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በሚቀጥለው የጭነት ቀን ፉርጎው እንደ ሠርግ ቤት ቀይ በቀይ ሆኖ ሄደ።

ሃሊሞ ጣቢያው ላይ ቆማ አየችው። ሳቋ መጣ፤ በዚያው ቅጽበትም ፈራች። ያን ጊዜ እንኳ መናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም።

ጅቡቲ ላይ ኩሊዎቹ እንደ ልማዳቸው ቀዩን ክር ቀድመው ሊያወርዱ ገቡ፤ ቀይ ያልሆነ አጡ። ዒጋል ከተማው ውስጥ ጉዳይ ይዞት ስለነበር ሠራተኞቹ ሁሉንም ሳይከፍቱ ለደንበኞቹ አደሉ። ማታውን የሆቴል ምግብ አብሳዮች ጆንያውን ሲተረትሩ ያገኙትን እዚህ አልጽፈውም። መርከቦቹ ባሕር ከገቡ በኋላ የከፈቱት ደግሞ ይብሳል። ከመካከሉ የሃሊሞ ቅርጫቶች ደህና ነበሩ፤ ግን ማን ለይቶ ያውቃቸዋል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነና የእሷም አብሮ ተደፋ።

ዒጋል ራሱ በሚመለሰው ባቡር ድሬዳዋ መጣ። ከጣቢያው ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ በቀጥታ ሃሊሞ ደጃፍ ደረሰ። የተነጋገሩት በሶማልኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ላውራው።

«ሃሊሞ፣ እኔ አንቺን አልወቅስም» አለ፤ የሰጠችውን ሻይ አልነካውም። «ግን ደንበኞቼ ፊቴን ማየት አልፈለጉም። ከባሕር ማዶ በጀልባ የሚመጣ ቲማቲም አለ። እሱን ልይዝ ነው።»

«ያንን ነው ቲማቲም የምትለው? ቆዳው እንደ ጫማ ነው እያልክ ትስቅበት አልነበር?»

«ጫማ ነው። ጣዕምም የለውም። ግን አንዱን ሳጥን ካየሁ ሁሉንም አየሁ ማለት ነው። ከእናንተ የሚመጣው አንዱ ማር ነው፣ አንዱ መርዝ ነው። ሳልከፍት የማላምነውን ነገር ለሰው መሸጥ አልችልም።»

«ክሩን እለውጣለሁ። አረንጓዴ አደርገዋለሁ።»

«ዛሬ አረንጓዴ ታደርጊያለሽ፤ ለሳምንቱ ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያው የእነሱን ተወው። የእኔን ብቻ ውሰድ።»

ዒጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ላንቺ ቅርጫቶች ብለው ፉርጎ ይቀጥሉልሻል?»

ሃሊሞ ይህን አስባው አታውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ የሌሎቹ መበላሸት የእሷ መድመቂያ ይመስላት ነበር፤ ፉርጎውን የሚሞሉት እነዚያው የሚበላሹት መሆናቸው ትዝ ብሏትም አያውቅ። እነሱ ካልላኩ ፉርጎ የለም፤ ፉርጎ ከሌለ ደግሞ የሃሊሞ ቲማቲም ቀፊራ ላይ ከሌላው ቲማቲም ጋር ተቆልሎ የሚሸጥ ቲማቲም ነው።

«የሚቀጥለውን ፉርጎ እረከባለሁ» አለ ዒጋል ሲነሣ። «ስላለፈው ጊዜ ስል። ክር አላይም፣ ስም አልጠይቅም፤ እጄ ያገኘውን ቅርጫት እከፍታለሁ። ደህና ከሆነ እንቀጥላለን። ካልሆነ ይሄ የመጨረሻችን ነው።»

ይህንኑ ለአትክልት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለጓድ ሣህሉም ነግሮት ኖሮ፣ በማግስቱ ሴቶቹ ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ ተጠሩ። ጓድ ሣህሉ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ። መጀመሪያ ስለ ውጭ ምንዛሪ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ዕውቀት የሰፊው ሕዝብ ሀብት መሆኑን ተናገረ፤ ተጨበጨበ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ግን አጨብጫቢ ጠፋ፤ ድር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሁሉም ወደ ሃሊሞ ዞሩ።

ሣህሉ ነገሩ እንዳልሠራለት ገባው። ከመድረኩ ወርዶ መሐረቡን ኪሱ ከተተ። «እናቶቼ» አለ፣ ጓዶች ማለቱን ትቶ፣ «እኔ የተማርኩት ስለ ቡና ነው። ስለ ቲማቲም አላውቅም። ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ ይንገረን።» ሴቶቹ በዚህ ወደዱት። ወደዱት እንጂ አልነገሩትም። የሚያውቀው ዝም አለ፣ የማያውቀውም ዝም አለ፣ ስብሰባው በመፈክር ተዘጋ።

ሃሊሞ የሺአረግን የደረሰችባት ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። ወንዙ ደረቅ ስለነበር ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል።

«የሺአረግ፣ ቁሚ። ክሩ ውሸት ነው።»

የሺአረግ ቆመች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሼህ የለም። ዱዓም የለም። ከፋብሪካ የገዛሁት ክር ነው።»

«እኔኮ ጸበል ነክሬዋለሁ» አለች የሺአረግ ቀስ ብላ። «ቄሱን አስቸግሬ። ፀሐይ ላይ አስጥቼ።» ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። «ኪዳነ ምሕረት ፊት አሳፈርሽኝ አንቺ ሴት! የከሰርኩትን ቲማቲም እንኳ ተዪው!»

ሃሊሞ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ከዚያ የምታደርገውን ነገረቻት። ቲማቲሙ ደም ሲመስል ሳይሆን ጉንጩ ገና ቀላ ሲል መቀጠፍ እንዳለበት። እንዲያብረቀርቅ ብለው ማጠባቸውን እንዲተዉ፣ የሚያበሰብሰው እሱ እንደሆነ። ቲማቲሙ አናት ላይ ያለው እንጨት ጎረቤቱን እንዳይወጋ ተነቅሎ፣ እንጨቱ በነበረበት በኩል ወደ ታች ተደፍቶ እንዲደረደር። በየመደዳው ደረቅ ሣር ጣል እንዲደረግ፣ ቅርጫቱም እስከ አፉ እንዳይጠቀጠቅ። ይህን ሁሉ ነገረቻት። ሌሊቱን ስለምታደርገው ግን አልነገረቻትም። ለምን እንዳስቀረችው ራሷም ብትጠየቅ አታውቀውም፤ ሰው ቤቱን ሁሉ ከፍቶ ሲያስጎበኝ አንዲት ጓዳ መቆለፉ አይቀርም።

«ወላሂ በይ» አለች የሺአረግ። ዛሬ አልረሳችም።

«ወላሂ ያልኩሽ ሁሉ እውነት ነው።»

የሺአረግ ነጠላዋን አስተካከለች። «ያልሽኝ ሁሉ» አለች። «እሺ። እኔ ልመንሽ፤ ሴቶቹ ግን አያምኑሽም። ጥሬ ቲማቲም አስልካ ልታከስረን ነው ይላሉ፤ እኔም ብሆን ያንን እል ነበር። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የእኔን ቲማቲም አንቺ አሽጊው፣ ያንቺን እኔ ላሽገው። የእኔ ከተበላሸ በእጅሽ ነው፤ ያንቺ ከተበላሸ ያስተማርሽኝ ትምህርት ነው። ሌሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀያየሩ።»

ሃሊሞ እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። እሺ አለች።

በዋዜማው ከቢዮ አዋሌ የመጣው ጋሪ የሃሊሞን ቲማቲም ጣቢያው ሰፈር የሺአረግ ደጅ አራገፈ፤ የየሺአረግን ደግሞ መጋላ ሃሊሞ ደጅ። ሃሊሞ ሳታስበው፣ እጇ እንደለመደው፣ ቲማቲሙን ምንጣፍ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው። ጓሮ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ትኩስ ነው፤ እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር ይግላል። ሌሊቱን በብርድ ማደር አለበት፤ ተዘርግቶ አድሮ ሙቀቱን ትንፍሽ ብሎ ሲጨርስ፣ ሲነጋጋ ቀዝቅዞ ይታሸጋል። ትኩሱን ያሸገው ሰው እሳት ነው ያሸገው። ሃሊሞ ይህን የደረሰችበት በብዙ ኪሳራ ነው፤ ማንም አልነገራትም።

ዘርግታ ስትጨርስ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው የመጣላት። የእሷ ቲማቲም፣ የራሷ ቲማቲም፣ አሁን በየሺአረግ እጅ በትኩሱ እየታሸገ ነው። የነገረቻት ሁሉ በትክክል ይፈጸማል፤ ቲማቲሙ ግን ይፈርሳል። ሌሎቹም ከየሺአረግ የተማሩትን ይዘው በየቤታቸው እሳት እያሸጉ ነው። በነገው ፉርጎ በደህና የሚገባው የየሺአረግ ብቻ ነው፤ እሱንም ማን ለይቶ ያውቀዋል። ሃሊሞ በራሷ ብልጠት መሳቅ ቃጣት፤ አልሳቀችም፣ ፈራች። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ሻሿን ጣል አድርጋ ወጣች።

ደቻቱን ስትሻገር ልቧ ከእግሯ ይቀድም ነበር። የሺአረግ በር ክፍት ነው። ገባች። ወልደ ማርያም ራዲዮኑን ከፍቶ ጥግ ተቀምጧል፤ የሺአረግ መሃል ቤት በርጩማ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የሃሊሞ ቲማቲም ከፊቷ ነው። አልታሸገም። ቅርጫቶቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል።

«ምነው አላሸግሽም?» አለች ሃሊሞ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ።

«ያላልሽኝ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር፤ ትመጫለሽ ብዬ እየጠበቅኩሽ ነው» አለች የሺአረግ።

ሃሊሞ እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፈረች፣ ደግሞም ቀለላት። «ማደር አለበት» አለች። «ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ። ሙቀቱ ይውጣለት። ጎሕ ሲቀድ ነው የሚታሸገው።»

«እኛ ደሞ እንቅልፍ ትወዳለች ስንል!» አለች የሺአረግ። ቀጥላም፣ «ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«ሌላ ያስቀረሽው አለ?»

«ወላሂ የለም። አሁን የለኝም።»

የሺአረግ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ ጎረቤቷን ጠራች። ሰዓት እላፊው ቀርቦ ስለነበር ማንም ደጅ መውጣት አይፈልግም፤ ወሬ ግን የይለፍ ወረቀት አያስፈልገውም። ጎረቤቷ ለጎረቤቷ በአጥር ላይ ነገረች፤ እዚህ በአማርኛ የተነሣው እዚያ በኦሮምኛ ቀጠለ፣ ወንዙን ለመሻገር የመጨረሻው ጋሪ ላይ ተሳፈረ፣ መጋላ ሲገባ ሶማልኛና ሐረሪኛ ሆነ። የታሸገውን የፈታች ፈታች፤ አልጋዋን አንሥታ ለቲማቲም ቦታ የለቀቀችም ነበረች። ያን ዕለት ሃሊሞ ቤቷ የደረሰችው ሰዓት እላፊው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው።

በማግስቱ ቅርጫቱ የተሰፋው በተገኘው ነገር ነው፤ በነጭ፣ በጥቁር፣ በሲባጎ። ሃሊሞ ቀይ ክሯን ቤት ትታው መጣች። ፉርጎው ሲዘጋ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ብትሞክር አልቻለችም፣ ፊቷን አዞረች።

መልሱ በተመላሹ ባቡር፣ ከባዶ ቅርጫቶቹ ጋር መጣ። ሴቶቹ ጣቢያው ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁ ነበር። መልእክቱን ያመጣው የባቡሩ ሠራተኛ ዱዓሌ ነው፤ ከፉርጎው ሳይወርድ ነው የተናገረው። «ዒጋል ሲከፍት ውሎ ደከመው። ፉርጎውን እንዳታስቀሩ ብሏል።» እልልታው ጣቢያውን አናጋው። የሺአረግ ጓድ ሣህሉን አቅፋ ሳመችው፤ ሸሚዙ ተጨማደደ። በኋላ ሪፖርቱ ላይ የዚያ ስብሰባ ፍሬ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ይጻፍ፣ ማንንም አልጎዳም።

ሃሊሞ ሰዉ ሲበታተን ዱዓሌ ዘንድ ሄደች። «ስለኔ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ዱዓሌ አሰበ። «ስላንቺ? ምንም አላለም። ስም አልጠራም።»

ይህ ከፋት። ቀድሞ የሚወርደው የእሷ ነበር፤ አሁን ለሁሉም ዋጋው አንድ ነው፣ ቅርጫቱም አንድ ነው፤ ተመላሹም ሲመጣ አንዷ የሌላዋን እያነሣች ትሄዳለች። ክረምት አልፎ ፉርጎው ሁለት ሲሆን፣ ዒጋልም ያንን ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነ የባሕር ቲማቲም ጨርሶ ሲተው፣ እሷም እንደ ሌላው ብዙ ትልክ ጀመር፤ ከበፊቱ የተሻለ ትበላለች። ቢሆንም አንዳንድ ቀን ቀዩን የክር ጥቅል አንሥታ ታየዋለች፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

በተከታዩ ዓመት አንድ የጭነት ጠዋት፣ ሃሊሞ ጣቢያው ላይ የመጨረሻውን ቅርጫቷን ስትሞላ፣ አንዲት የማታውቃት ወጣት ሴት አጠገቧ ቆመች። ከቢዮ አዋሌ የወንድሞቿን ቲማቲም ይዛ የመጣች ናት፤ ስሟ መድና ነው።

«አዴ፣ አቦ እንዲህ አይሆንም» አለቻት፣ እንደ ታላቅ ሴት አክብራ።

ሃሊሞ ቀና አለች። «ምኑ?»

«መደዳሽ ጥሩ ነው። በእንጨቱ በኩል መድፋትሽም ጥሩ ነው። አሳድረሽዋል አይደል? እሱም ጥሩ። ግን መሃሉ ይታፈናል። እኛ አሁን የማሽላ አገዳ አስረን መሃል ላይ እናቆማለን፤ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። እዪ።» የራሷን ቅርጫት ጆንያ ገልጣ አሳየቻት። ከመሃሉ የታሰረ አገዳ ጭስ ማውጫ መስሎ ቆሟል፤ እስከ ታች እጅ ሰድዶ ለዳሰሰው ቲማቲሙ ቀዝቃዛ ነው። ሃሊሞ ዳሰሰችው። በዚያ ሁሉ ዓመት መሃሉን አስባው አታውቅም።

«ማሳደሩን፣ መድፋቱን፣» አለች ሃሊሞ ቀስ ብላ፣ «ማን አስተማረሽ?»

መድና ትከሻዋን ሰበቀች። «ማን ያስተምራል አዴ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። የጥንት ነው።»

ሃሊሞ የእኔ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ያለቀሰችበትን ዓመት፣ የደፋችውን ቲማቲም ሁሉ ልትነግራት። ልጅቷ ግን በፈገግታ ቆማ፣ ልትረዳት ብላ፣ ጆንያውን ገልጣ ይዛ እየጠበቀቻት ነው። ማንም አላስማላትም፣ ማንም አላስገደዳት፤ እንዲሁ ነው የሰጠቻት። ሃሊሞ እንደ እሷ ሰጥታ አታውቅም፤ አፈረች።

የጆንያ መርፌዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። የሞላችውን ቅርጫት ወደ ራሷ ስባ ከላይ ጀምራ ማውጣት ያዘች።

«አገዳው የት አለ?» አለች። «እስቲ አሳዪኝ።»